ፈተናው እስኪያልቅ

የእድር ድንኳን ሸራ ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የረጠበ ጆንያ፣ የጭቃና የቆየ ጭስ ሽታ አንድ ላይ። ሐዘን ቤት የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። እኔ ግን ይህን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳይሆን ድንኳን ተነቅሎ ከሄደበት ባዶ መሬት ላይ ቆሜ ነው። ያኔ የምን ሽታ እንደሆነ አልገባኝም። ከገባኝ በኋላ ደግሞ ይኸው አርባ ዓመት አለፈው፣ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ዛሬ ሠልስት ነው። ጀሞ፣ ከምንኖርበት ብሎክ ፊት ለፊት፣ መኪና ማቆሚያው ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የሞተችው ባለቤቴ አልማዝ ናት። ሰው ይገባል፣ “እግዜር ያጽናህ” ይላል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሰረቅ አድርጎ ያየኛል። እስካሁን አንዲት ጠብታ እንባ ስላልወጣኝ ነው። ሴቶቹ “ደንዝዟል” ይላሉ፤ ወንዶቹ “ጎበዝ ነው፣ ቻለው” ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምን እንደማላለቅስ እናገራለሁ፤ ነገሩ ግን የሚጀምረው ከልጄ ነው።

ብሌን ዘግይተን ያገኘናት አንድ ልጃችን ናት። ደቡብ ወርዳ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ጀምራለች፤ ሐሙስ የመጨረሻ ፈተና አለባት። ፈተናው እኛ በጊዜያችን ካልኩለስ የምንለው፣ እነሱ አፕላይድ ቱ የሚሉት ነው፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚለዋወጥበት ካልኩለስ። ሚዱ፣ የአጋማሹ ፈተና፣ አልቀናትም። ሐሙስን ካለፈች የምትፈልገው ዲፓርትመንት ትገባለች፣ ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ናት። እናቷ እንደሞተች አታውቅም። ሕመሙ ቀላል ነገር መስሏት፣ አሁን ደግሞ እናቷ ጸበል የሄደች መስሏት፣ ላይብረሪ ተቀምጣ ታጠናለች። ዘመድ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ ተነግሮታል። የዶርም ጓደኞቿ ያውቃሉ፤ እያወቁ አብረዋት ይበላሉ፣ አብረዋት ይስቃሉ። ይህን ያዘዘችው ራሷ አልማዝ ናት። ሆስፒታል ተኝታ፣ ድምጿ እየሳሳ፣ “አደራ፣ ለብሌን እንዳትነግሯት፤ ፈተናዋን ትጨርስ” አለችኝ።

“አልማዝ፣ እኔን ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ እኮ” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች። “ግን መሐንዲስ ሆነሃል።”



እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የምንኖረው መካኒሳ አቦ ነበር። የዛሬውን መካኒሳ ብቻ የሚያውቅ ሰው የያኔውን ቢነግሩት አያምንም። ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ጤፍና ሽንብራ ነበር፤ ጀሞ ማለት የጋሽ ለማ አባት በሬ ጠምደው የሚያርሱበት አገር ነበር። ጋሽ ለማ አሁን የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ይህን ድንኳን ያስተከሉልኝም እሳቸው ናቸው። መኪና ማቆሚያው ያረፈበት መሬት የአባታቸው ማሳ እንደነበር ለሰማቸው ሁሉ እየሳቁ ይናገራሉ። ሳቁ የምር ሳቅ ይሁን አይሁን ጠይቄያቸው አላውቅም። ክረምት ሲገባ ጫማ በእጅ ተይዞ፣ ሱሪ እስከ ጉልበት ተጠቅልሎ ነበር አስፋልት የሚደረሰው። አስፋልቱ ዳር አውቶቡስ ይጠበቃል፤ ሲመጣ ግማሹ ሰው በበር፣ ግማሹ በመስኮት ይገባል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ አሥር ሳንቲም ነበር፤ የዛሬውን ዋጋ አልናገርም፣ እበሳጫለሁ። ቤልቦተም ሱሪ ፋሽኑ ሊያልፍበት ነው፤ እኔ ግን ከአጎቴ የደረሰኝ አንድ ቡናማ ቤልቦተም ነበረኝ። እህቴ እግሩን አጥብባ፣ በተረፈው ጨርቅ ጉልበቱን ጠግና፣ ዘመናዊ አድርጋልኝ እንደ አዲስ እኮራበት ነበር።

መታጠፊያው ላይ የተስፋዬ ካሴት ቤት ነበረች። ተስፋዬ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያዘፍናል፤ ሠፈሩ ሰዓቱን የሚያውቀው በእሱ ዘፈን ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ያለ ትዝታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጉራጊኛ፣ ማምሻውን ደግሞ የፍቅረኛሞች ዘፈን፤ ልጃገረዶች ውኃ ሊቀዱ የሚወጡበት ሰዓት ስለሆነ። ዘመኑ ሰው ብዙ የማይናገርበት ዘመን ነበር፤ የተስፋዬ ድምፅ ማጉያ ብቻ እንዳሻው ይጮኻል። ዛሬ ቦታው ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ሥሩ የሞባይል ጥገና ነው። በታክሲ ሳልፍ አንገቴን ወደ ሌላ በኩል አዞራለሁ።

ያሳደገችኝ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ናት፤ እንዲህ በማለቴ እናቴ አትቀየመኝም፣ እሷም ትለው ነበር። አባታችን ሲሞት እናታችን ጉልት ወጣች፤ እህቴ ትምህርቷን አቋርጣ ንፋስ ስልክ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። እኔ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ስትሰማ “ወንድሜ መሐንዲስ ሊሆን ነው” ብላ ያልነገረችው ሰው አልነበረም፤ ወፍጮ ቤቱም፣ የፋብሪካው ዘበኛም ያውቁ ነበር። ካልኩለስ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ቃሉን ግን ወደደችው። ቅዳሜ ማታ ከካምፓስ ስመጣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ “ካልኩለስህ እንዴት ነው?” ትለኛለች፣ ሰው ስለ ሚስት እንደሚጠይቅ።

ካልኩለሴ ደህና አልነበረም። የመጀመሪያውን በሽምደዳ አልፌዋለሁ፤ ሁለተኛው ግን አልሸመደድ አለኝ። እስከዚያ ድረስ የምንከተለው መስመር ነበር፤ አሁን ጉብታ መጣ፣ ሸለቆ መጣ። አስተማሪያችን ኮቱ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበር። “ኮረብታ ላይ ቆማችኋል” ይለን ነበር። “በምሥራቅም መሄድ ይቻላል፣ በሰሜንም ይቻላል። ሁሉንም በአንዴ ልወቀው ካላችሁ ትጠፋላችሁ። አንዱን ፍቱት፣ ሌላውን ሁሉ እሰሩት!” ፓርሻል ዴሪቬቲቭ የሚባለው ይኸው ነው። ከሚለዋወጠው ሁሉ አንዱ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ትፈቅዳለህ፣ የቀረው ባለበት እንደቆመ ትቆጥረዋለህ። ባይቆምም እንደቆመ ትቆጥረዋለህ። አሁን ስናገረው ቀላል ይመስላል። ሚዱ ላይ ግን የትኛውን ፈትቼ የትኛውን እንዳሰርኩ ጠፋብኝ፤ ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ በቀይ ነበር። ፋይናሉ ካላዳነኝ መባረሬ ነው፤ መባረር ማለት ደግሞ የእትዬ ጥሩወርቅ የዓመታት ስፌት አፈር መብላቱ ነው።

ነገርኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ያባብለኝ ነበር። እሷ የሱሪዬን ጠርዝ እየሰፋች ቀና እንኳ ሳትል፣ “እኔ ስጀምር ስንቱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈትቻለሁ። አንተም ፈትተህ እንደገና ስፋዋ!” አለችኝ። ከዚያ ሳል አጣደፋት። ብዙ ጊዜ ትስል ነበር፤ የፋብሪካው ብናኝ ነው ትለን ነበር፤ እኛም ብናኝ ነው ብለን ተቀመጥን። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያን ዕለት ነው። አጥባ የተኮሰችውን ሸሚዜን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጥታ እስከ መታጠፊያው ሸኘችኝ፤ ተስፋዬ ያዘፍናል፣ እሷ ከዘፈኑ ጋር ታንጎራጉራለች።

ፈተናው ሲቃረብ ሁለት ሳምንት ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። በሦስተኛው፣ እሑድ ዕለት፣ የቤት ምግብ ናፈቀኝና ሄድኩ። ከአውቶቡስ ስወርድ መንገዱ ጸጥ ብሏል። ተስፋዬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔን ሲያይ ዘወር ብሎ ገባና ዘፈን ከፈተ። ጭፈራ ነው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ወጥቶ “እንዴት ነህ ተማሪው!” ብሎ እጄን ጨበጠኝ፣ ቶሎም አለቀቀኝም። ደስ አለኝ፤ ሠፈሬ ያው ነው አልኩ። ቤት ስደርስ እናቴ የበዓል ቀሚሷን፣ አረንጓዴውን፣ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ ተቀበለችኝ። ሳመችኝ፣ ሳቀችም። ግቢያችን ውስጥ ሣሩ ተረጋግጦ ቢጫ ሆኗል፤ ችካል የተነቀለበት ጉድጓድ እዚህም እዚያም አለ፤ ያ ሽታም አለ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት።

“የጎረቤት ሠርግ ነበር። ቦታ ጠቧቸው ድንኳኑን እኛ ጋ ተከሉት።”

“እትዬስ?”

“ጸበል ሄዳለች። ከከተማ ውጭ ነው፣ ሩቅ ነው።”

“መቼ ትመለሳለች?”

“ፈተናህን ስትጨርስ ትመጣለች።”

ይህን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ምሳ አቀረበችልኝና እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ አየችኝ። ሁሉም ነገር ፊቴ ነበር። ሬዲዮናችን በጨርቅ ተሸፍኗል። ጎረቤት ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ጉንጬን ይስመኛል። ጊዜው ደግሞ የሰኔ ጾም ነው፤ በጾም ሠርግ እንደማይደገስ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ድርብ ኢንተግራል ነበር። እንዲያውም ጸበል መሄዷን ስሰማ ቀለል አለኝ፤ ትድናለች፣ እኔም እስከዚያ አጠናለሁ አልኩ።

ፈተናው ቀናኝ። እንደዚያ ቀን ነገር ሁሉ ጥርት ብሎልኝ አያውቅም፤ ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ጊዜ ተርፎኝ ወጣሁ። በቀጥታ መርካቶ ሄጄ ለእትዬ ጥሩወርቅ ሰማያዊ የአንገት ሻርፕ ገዛሁ። ቤት ስደርስ አልመጣችም። “ነገ ነው” አለችኝ እናቴ። እስክትመጣ እንድታስቀምጥልኝ ሻርፑን ሰጠኋት። ዘርግታ በብርሃን አየችው፤ “ያምርባታል” አለች፤ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። እኔ እያፏጨሁ ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ የሰው ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ብወጣ ግቢው ሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ተስፋዬ ከኋላ አንገቱን ደፍቷል። አንድ ሽማግሌ “አንተ እንግዲህ ትልቅ ሰው ነህ...” ብሎ ጀመረ። የቀረውን አልሰማሁትም።

ሰው ከመርዶ የሚከፋው ሞቱ ይመስለዋል። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ጮኽኩ፣ ወደቅሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ ቀና ስል ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እነሱ ያለቀሱት ከሳምንታት በፊት ነው፤ ደረታቸውን ደቅተው፣ ቀብረው፣ ሠልስት አውጥተው፣ ወደየሥራቸው ተመልሰዋል። ለእኔ ሲሉ እንደገና ሞከሩ፤ ጥቂት ሴቶች ድምፅ አወጡ፤ እንባው ግን ከየት ይምጣ። ወደ እናቴ ዞርኩ። ልጇን የቀበረች እናት፣ ዓይኗ ደርቋል።

“እማዬ፣ አብረን እናልቅስ እንጂ!” አልኳት።

“አለቀብኝ ልጄ” አለችኝ። “ያን ለት ምሳህን ስትበላ ዋጥኩት። ትናንትም ሻርፑን ስትሰጠኝ ዋጥኩት። አሁን ስፈልገው የለም።”

እህቴን ብቻዬን አለቀስኳት። ውጤቱ በመታወቂያ ቁጥር ተለጠፈ፤ ቢ ነበር። በዚያ ቢ መንገድ ሠራሁ፣ ድልድይ ሠራሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ሰው “ኢንጂነር” ብሎ ሲጠራኝ እነዚያ የችካል ጉድጓዶች ይታዩኛል። አስተማሪያችን ያስተማረንን ሠፈሬ ሳይማረው ሠርቶት ነበር፤ እኔ እንድንቀሳቀስ ራሱን አሰረ፣ ዓለም ባይቆምም እንደቆመ ቆጠረልኝ። ለደግነት ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ተስፋዬን ያንን ዘፈን ስለከፈተብኝ ይቅር ልለው አልቻልኩም። ሠርጌ ላይ እንኳ አልጠራሁትም። ሞቶ ስቀብረውም ቂሜን ይዤ ነው የቆምኩት።

ዛሬ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ብሌን ናት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስሟን ስክሪኑ ላይ አየና “ልጅቷ ናት” ብሎ ሹክ አለ፤ ወዲያው ድንኳኑ ጸጥ አለ። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን እንደያዙ ቀሩ፣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ፣ ከብሎኩ ሥር ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ በምልክት ተከልክለው ቆሙ።

“አባዬ፣ አንድ ጥያቄ አስቸገረችኝ” አለችኝ ብሌን። “በአንድ አቅጣጫ ሳየው ነጥቡ ዝቅተኛው ነው፣ በሌላው ሳየው ከፍተኛው ነው። የቱን ነው የምለው?”

“ሁለቱንም አትበዪ። እሱ ኮርቻ ነው። ፈረስ ላይ እንደሚጫነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሽቅብ፣ ወደ ጎን ቁልቁል።”

“ሳድል ፖይንት! ወይኔ፣ ገባኝ።” ወረቀት ላይ ስትጽፍ ይሰማኛል። “አባዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ ጸጥታ? የት ነህ?”

ጀሞ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የታክሲ ረዳት ጩኸት አለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ፣ የሚበየድ ብረት አለ፤ ብሌን በዚህ ጫጫታ ውስጥ ነው ያደገችው። አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ልነግራት ነበር። “ግን መሐንዲስ ሆነሃል” ያለችው የአልማዝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜ ወደ ጋሽ ለማ ዞርኩ።

“ዘፈን ክፈቱ” አልኳቸው።

“ምን አልከኝ?”

“ዘፈን! በስልክዎ፣ የተገኘውን!”

ስልካቸውን አውጥተው ነካኩ። የሠርግ ዘፈን ነበር የወጣው፤ እልልታው ድንኳኑን ሞላው። አልማዝን የገነዙት ሴቶች ቁጭ ብለው ያዩኛል።

“እንዲህ በል እንጂ፣ አስደነገጥከኝ!” ብላ ሳቀች ብሌን። “የማን ሠርግ ነው? እማዬስ መቼ ትመለሳለች?”

“ፈተናሽን ስትጨርሺ ትመጣለች” አልኳት።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እናቴ እንዴት አድርጋ እንደቻለችው ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ምንም ጥበብ የለውም፤ አፍ ራሱ ይለዋል። የሰኔ ጾም መሆኑን ብሌንም አላሰበችውም።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ለማ ዘፈኑን አጥፍተው አጠገቤ መጡ። “ጋሽ ለማ፣ ድንኳኑ እስከ ቅዳሜ ይቆይልኝ” አልኳቸው። ብሌን አርብ ትሳፈራለች፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው የሚነገራት።

“ኢንጂነር፣ ሠልስት ወጣ እኮ። ለቡ መብራት ኃይል ሠፈር አንድ አባላችን ጋ ሐዘን አለ፤ ነገ ሸራው ይፈለጋል።”

“እንግዲያው ሰዉ ይቆይልኝ።”

“ሰው እንዴት ይቆይልሃል? ሥራ አለው፣ ልጅ አለው።”

“ሁላችሁም አልቅሳችሁ ከጨረሳችሁ ልጄ ከማን ጋር ታልቅስ?”

ሽማግሌው አዩኝ። “ታዲያ አንተ የማታለቅሰው...” ብለው ጀመሩና ተዉት።

ለዚህ ነው። እንባዬን ለብሌን አስቀምጬላታለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ወድቃ፣ ጮኻ፣ ቀና ስትል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ሰው እንኳ፣ አባቷ እንኳ፣ ከእሷ ጋር እኩል እንዲጀምር። ከአልማዝ አደራ ጋር ላስማማው የቻልኩት ይህን ብቻ ነው። ጋሽ ለማ አግዳሚ ወንበሮቹን ሊተዉልኝ፣ ሴቶቹንም ቅዳሜ ሊጠሩልኝ ቃል ገቡ። ድንኳኑ ግን ነገ ይነሳል። እዚህ መሬቱ ኮብልስቶን ነው፤ የሚተወው ጉድጓድ እንኳ አይኖርም።

ከዚያ “ትንሽ ልረፍ” ብዬ ወደ ቤት ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። የአልማዝ ሹራብ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ አውርጄ ፊቴን ቀበርኩበት። ቅባቷ ይሸታል። ላለቅስ አልነበረም፤ እንባው መኖሩን ላረጋግጥ ነው፣ ትንሽ ብቻ፣ ወዲያው አቆመዋለሁ ብዬ። ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።